ልጅን በቤት ውስጥ መምታት በሕግ ይከልከል? በሐዋሳ ወላጆች መካከል የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ ቤትን ግን በስም አይጠቅስም። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 576 በልጅ ላይ የሚፈጸም በደልን ቢቀጣም፣ ለአስተዳደግ ሲባል የሚወሰድን ከሕግ ጋር የማይቃረን እርምጃ ከቅጣት ውጭ ያደርጋል። ይህ ልዩነት ይቅር ወይስ ይቆይ?

የአራት ልጆች አባት፣ ፒያሳ፦ ክልከላውን እቃወማለሁ። እኛ በአርጩሜ ተገርፈን፣ በበርበሬ ታጥነን አድገናል፤ ከመካከላችንም መምህራን፣ ሐኪሞችና ነጋዴዎች ወጥተዋል። መጽሐፈ ምሳሌም በ13፥24 በትሩን የሚቆጥብ ልጁን እንደሚጠላ ይናገራል። ጫትና መጠጥ በየሰፈሩ በተስፋፋበት በዚህ ዘመን በእኔና በልጄ መካከል ፖሊስ ከቆመ፣ ልጁን ማን ይመልስልኛል?

የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ታቦር፦ ጋሼ፣ ስለ ልጆቹ ያለዎት ስጋት የእኔም ነው። ነገር ግን «ተገርፈን ምንም አልሆንንም» ስንል የምንቆጥረው የተሳካላቸውን ብቻ ነው። በሥራዬ የማገኛቸው አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ሲናገሩ የአለንጋውን ሕመም እምብዛም አያነሡም፤ የሚያነሡት በጎረቤት ፊት መንበርከካቸውን፣ «ከአንተ ሰው አይወጣም» መባላቸውን፣ የአባታቸው ኮቴ በተሰማ ቁጥር ይይዛቸው የነበረውን ፍርሃት ነው። ዛሬም አለቃቸው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የትዳር ጓደኛቸው ዝም ሲል ቁጣ እየመጣ ይመስላቸዋል። የሚያስፈራውም የሚያጽናናውም አንድ ሰው ሲሆን ሕፃኑ የሚሸሽበት ስለሌለው፣ ሰውነቱ አደጋን መጠበቅ ይለምዳል።

በአሜሪካ ሳንዲያጎ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ከ17,000 በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው በተጠየቁበት ጥናት፣ ድብደባን፣ ስድብንና ቸልተኝነትን የመሰሉ መከራዎች በበዙ ቁጥር ድብርት፣ የመጠጥ ሱስና ራስን የማጥፋት ሙከራም አብረው እንደሚበዙ ታይቷል። ይህ ጥናት የሚናገረው ስለ ከባድ በደል እንጂ ስለ አንድ ቁንጥጫ አለመሆኑን መሸሸግ አልፈልግም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመውና ከ160,000 በላይ ልጆችን የሚመለከቱ 75 ጥናቶችን ያጣመረው ትንታኔ ያተኮረው ቀላል በሚባለው በእጅ መምታት ላይ ነበር፤ ያገኘውም ከጠበኝነት፣ ከጭንቀትና ከወላጅ ጋር ከመራራቅ ጋር መያያዙን እንጂ ጠባይን ማረሙን አይደለም። እርስዎ የሚፈሩት ሱስ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ጭንቀት ለመሸሽ ነው። ቅዱስ መጽሐፍም ቢሆን በቆላስይስ 3፥21 የልጆች ልብ እንዳይዝል አባቶችን ያስጠነቅቃል።

የሕግ ባለሙያ፣ መናኸሪያ፦ ስለ ፖሊሱ አንድ ነገር ልጨምር። በቤት ውስጥ መምታትን ከሁሉም አገሮች ቀድማ እ.ኤ.አ. በ1979 የከለከለችው ስዊድን ክልከላውን ያስገባችው በወንጀል ሕጓ ሳይሆን የወላጅና የልጅን ግንኙነት በሚመራው ሕጓ ነው። ድንጋጌው በራሱ ቅጣት የለውም፤ መንግሥትም ወላጆች እንዲያውቁት በወተት ካርቶኖች ላይ ሳይቀር አሳትሞታል።

የአራት ልጆች አባት፦ ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ልጄ ዋሽቶ ከትምህርት ቤት ሲቀር ምን ላድርግ?

ጡረታ የወጡ መምህርት፣ አዲስ ከተማ፦ ልጄ፣ በሲዳማ አባቶች የአፊኒ የሽምግልና ሥርዓት ነገሩ በሁሉም ወገን ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። ይህን ለአዋቂ በዳይ ፈቅደን ለአሥር ዓመት ልጅ መንፈጋችን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በክፍል ውስጥ እንዳየሁት ከትምህርት የሚቀር ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያስፈራራው ታላቅ ልጅ አለ፣ ወይም ትምህርቱ ከብዶት አፍሯል። ስለዚህ አስቀድመው ለብቻው ይጠይቁት፤ ጥፋቱ የራሱ ከሆነ ያመለጠውን ትምህርት ከጓደኛው ደብተር ይገልብጥ፣ ስልኩም እስኪጨርስ እርስዎ ዘንድ ይቆይ። በእኅቶቹና በጓደኞቹ ፊት ግን አያዋርዱት።

የአራት ልጆች አባት፦ መስማቱን እቀበላለሁ፤ እሞክረዋለሁም። ሕጉን ግን አሁንም አልደግፍም፤ ወላጅ ይህን የሚማርበት ቦታ በየትምህርት ቤቱ ሳይዘጋጅ ክልከላው ቢቀድም፣ ግርፋቱ ከበር ውጭ ይቀርና ከበር ውስጥ ይቀጥላል ብዬ እሰጋለሁ።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦ ሥልጠናው መቅደም አለበት በሚለው ተስማምተናል። እኔ የማልስማማው ሥልጠናው እስኪደርስ ድረስ ሕጉ ዝም ይበል በሚለው ነው፤ በዚያ መካከል የሚያድጉት ልጆች ሁለተኛ ልጅነት አያገኙም።