የሉካን ግንብ ለማየት ምክር ስጡኝ

ሰላም ናችሁ? ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ነው ያለሁት፣ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ሉካ ከተማ ደርሰን ልንመለስ ነው። ከተማዋን ዙሪያዋን ያጠራት ግንብ ላይ መውጣት ይቻላል? ደረጃ ይከብዳታል።

መልስ 1፦ ውጡ እንጂ! ዙሪያው ከ4 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ላዩ ሰፊ መንገድ ነው፣ ዛፍ ተተክሎበታል፣ ሰው በእግርም በብስክሌትም ይንሸራሸርበታል። ክፍያ የለውም። ለእማማ ደረጃ የሌለው መወጣጫ አለላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ውጡ።

መልስ 2፦ ላዩን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ከባቡር ጣቢያው ስትመጡ ሳን ኮሎምባኖ በሚባለው ምሽግ ሥር፣ በግንቡ ሆድ ውስጥ የሚያልፍ መተላለፊያ አለ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው! እናትህ ግን በሳን ፒዬትሮ በር ብትገባ ይሻላታል።

መልስ 3፦ ታሪኩንም ያዙ። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን መድፍ እንዲችል ተብሎ ተሠራ፣ የከበበው ጠላት ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1812 ሴርኪዮ ወንዝ ሲሞላ በሮቹ ተዘጉና ከተማዋ ከጎርፍ ተረፈች።