የካፌው ሽሮና የካርቦን ሒሳቡ፦ ለጋራ ዕቅዳችን የቀረቡ ሐሳቦች

ሰብሳቢ፦ ሰላም የማኅበራችን አባላት። የዚህ ሴሚስተር ዕቅዳችን የተማሪው ምግብ የካርቦን አሻራ፣ ማለትም ምግቡ ሰሃን ላይ እስኪደርስ ወደ አየር የሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ላይ ነው። ረቂቁ «ተማሪው ሥጋ እንዲቀንስ መቀስቀስ» ይላል። እስቲ ሐሳብ ስጡበት።

ነን-ካፌው፦ ኧረ ሰብሳቢያችን፣ የትኛውን ሥጋ? ካፌ የሚበላው ልጅ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ምስር፣ ማታ ሽሮ ነው። ከካፌ ውጭ የምንበላው እኛ ነን-ካፌዎችም ጥብስ የምናዝዘው ከቤት ብር ሲላክ ነው። ሥጋ ቀንሱ ብንል ለቀባሪው አረዱት ነው የሚሆነው።

የግብርና ተማሪዋ፦ እውነቱን ነው። ሐሳቡ የተቀዳው ሥጋ በየቀኑ ከሚበላበት አገር ነው። እዚያ ልክ ነው። ተመራማሪዎቹ ፑርና ኔሜቼክ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት የ119 አገሮችን መረጃ ሰብስቧል። ለሥጋ ብቻ ከሚረባ ከብት ለሚገኝ 1 ኪሎ ሥጋ አማካዩ ልቀት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰላ ከ50 ኪሎ በላይ ነው። ለ1 ኪሎ አተር ግን 1 ኪሎ ገደማ። ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን ያገሳል፤ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ያሞቃል። የእኛ በሬ እንኳ መጀመሪያ ያርሳል፣ ኩበቱም ይነዳል፤ ሁሉንም በሥጋው ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው።

ሽሮውን ደግሞ እዩት። ሽምብራ ናይትሮጅኑን ከአየር ስለሚይዝ ዩሪያ ብዙም አይፈልግም። የደንቢያ ገበሬ ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቁር አፈሩ በያዘው እርጥበት ይዘራዋል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዚያ ላይ ሁዳዴው 55 ቀን አለ። ፈረንጅ ቪጋን ብሎ የሚሰብከውን እኛ ሳንሰበክ ስንበላ ኖረናል።

ሰብሳቢ፦ ታዲያ ዕቅዱን እንሰርዘው?

የምግብ ኮሚቴዋ፦ አንሰርዝም፣ አድራሻውን እንቀይር። ማእድ ቤቱን ከጓሮ በኩል ገብታችሁ አይታችሁታል? ባለፈው ክረምት እኔ ስገባ የባሕር ዛፉ ፍልጥ ዝናብ ላይ ተከምሮ ነበር። እርጥብ ፍልጥ ጭስ እንጂ እሳት አይሆንም። እንጀራ የሚጋግሩት እትዬዎች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ያሰፋሉ። አክንባሎው ሲነሳ የእንጀራው መሐል ገና ሊጥ ነው። ያ እንጀራ ማታ ሰሃን ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በርሜል ውስጥ ይገባል። እንጨቱም ጤፉም ጠፋ ማለት ነው። 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ ከ1.5 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። የእኛ ምግብ ካርቦን ያለው ከወጡ ይልቅ ከምጣዱ ሥር ይመስለኛል።

ጸሐፊ፦ ባሕር ዛፍ ግን ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የወጣውን መልሶ ይስበዋል አይባልም?

የግብርና ተማሪዋ፦ ከተተከለ ማሳ ከመጣና ማሳው ከተተካ አዎ፣ አብዛኛውን። ከተፈጥሮ ደን ከሆነ ግን አይመለስም። ስለዚህ ኪሎውን ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣም እንጠይቅ። ነን-ካፌዎችም አትሳቁ፣ የእናንተ ከሰል ይብሳል። በባህላዊ መንገድ 1 ኪሎ ከሰል ለማክሰል 5 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይሄዳል።

ነን-ካፌው፦ እሺ፣ ተመታን። ኤሌክትሪክ ምጣድ ይሁና! የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው።

የምግብ ኮሚቴዋ፦ መብራት የጠፋ ቀን ያ ሁሉ ተማሪ ምን ይብላ? ኤሌክትሪኩ ዋናው ይሁን፣ ምርጥ የሚባለው እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ደግሞ መጠባበቂያ። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርዳል። ከሁሉ በፊት ግን ለፍልጡ ቆርቆሮ ይመታለት። ይሄ ነገ የሚሠራ ነው፣ ጨረታ አይፈልግም።

ጸሐፊ፦ በርሜሉስ? ትርፍራፊው ቆሻሻ ውስጥ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን ነው የሚሆነው።

ነን-ካፌው፦ ሁሉም አይጣልም። ከብት የሚያደልቡ ሰዎች እየመጡ ይወስዳሉ። እነሱ ሲቀሩ ነው የሚደፋው።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ፣ የሥጋው ነገር ይውጣ። ረቂቁን እንዲህ ላስተካክለው፦ «ማኅበሩ ለአንድ ሳምንት የሚነደውን እንጨትና የሚተርፈውን ምግብ በየማዕዱ ይመዝናል፤ ውጤቱን ይዞ የፍልጥ መጠለያ፣ ምርጥ ምድጃና ኤሌክትሪክ ምጣድ በየተራ ይጠይቃል።» ሳምንቱ ጾም ላይ እንዳይወድቅ፣ የፍስኩንም እንድናይ። እትዬዎቹም ከመጀመሪያው ስብሰባ ይቀመጡ፤ ሥራው የእነሱ ነው፣ ከላይ ሆነን አናዝዝባቸውም።

የምግብ ኮሚቴዋ፦ እኔ አናግራቸዋለሁ። ጠዋት ሳይሆን ከምሳ በኋላ፣ ቡና ሲያፈሉ።

ጸሐፊ፦ ቅዳሜ ገበያ እህል የሚመዘንበት ዓይነት ሚዛን ይበቃናል። እኔ እከራያለሁ፣ ግን ከማኅበሩ ሣጥን ይከፈል።

ሰብሳቢ፦ ይከፈላል። ደረሰኝ አምጣ ብቻ።