ለእንቁጣጣሽ ቤት ሳጸዳ የእናቴን ሳጥን ምን ላድርገው?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጳጉሜን ገባች፣ እኔም ቤቱን ገለባብጬ እያጸዳሁ ነው። አልጋ ሥር የእናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ስለከረመ ስከፍተው ሻጋታ ሻጋታ ሸተተኝ። ውስጡ የአባቴ በርኖስ፣ የሠርግ ቀሚሷ፣ ፎቶው ከገጹ ጋር የተጣበቀ አልበም፣ ካሴቶችና የአያቴ የብራና ዳዊት አሉ። እህቴ «ሁሉንም ፀሐይ ላይ አስጪው፣ የማይረባውን ጣይው» ትላለች። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ዳዊቱን ላኪልኝ ብሎኛል። የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።

የፎቶ ቤት ልጅ

እህቴ፣ ፎቶዎቹን እንዳትላጪያቸው! መጀመሪያ እዚያው አልበሙ ላይ እንዳሉ በስልክሽ አንሺያቸው። መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍተሽ። ቢቀደድ እንኳ ምስሉ ይተርፍሻል። ከዚያ የጥርስ ክር ከፎቶው ሥር አስገብተሽ ወዲህ ወዲያ እያልሽ ቀስ ብለሽ አላቂው። እምቢ ካለ አትታገዪው፤ ዙሪያውን በመቀስ ቆርጠሽ ከነወረቀቱ አስቀምጪው። ውሃና አልኮል አይሞከርም። ጀርባው ላይ ስም ስትጽፊ በእርሳስ ይሁን፣ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል። ሰዎቹን የሚያውቁ ትልልቅ ዘመዶች ካሉሽ ደግሞ ዛሬውኑ ደውዪላቸው። ማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሙሽሮች ያሉበት አልበም ስንቴ አይቻለሁ!

የመንዝ ልጅ

በርኖስ ይጣላል እንዴ? ሱፍ ስለሆነ ብል የሚበላው እሱን ነው፤ የጥጡን ቀሚስ ብዙም አይነካውም። አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ደጅ አራግፊው፣ ስፌቱንና አንገቱን በብሩሽ ጥረጊው። ከዚያ በላስቲክ አጥብቀሽ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ስታወጪው ቅዝቃዜው እስኪለቀው ላስቲኩን አትፍቺ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ናፍታሊን ሕፃን ባለበት ቤት ይቅር።

የሽሮ ሜዳዋ

ቀሚሱን በረኪና እንዳታስነኪው፣ በተለይ ጥለቱ የወርቅ ወይም የብር ክር ካለው። ለረጅም ጊዜ ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ ይበጠሳል። በታጠበ ነጭ አቡጀዲ አንከባለሽ ጠቅልይው።

ዲያቆኑ

ብራና ቆዳ ነው። ፀሐይ ያኮማትረዋል፣ እርጥብ ጨርቅ ቀለሙን ያስለቅቀዋል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሺ፤ ማኅደር (የቆዳ ማንገቻ ከረጢት) ካለው እዚያው ውስጥ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ነፋሻ ቦታ ይቀመጥ። ለወንድምሽ ግን እንዲሁ አትላኪለት። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቂ። በሻንጣ ይዞት ሊወጣ ቢሞክር ቦሌ ላይ ሊያዝበት ይችላል። ለጊዜው ገጾቹን ፎቶ አንሥተሽ ላኪለት።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ! ፀሐዩን ትቼዋለሁ። ካሴቶቹንስ? አንዱ ላይ የእናቴ ድምፅ ያለ ይመስለኛል።

የፎቶ ቤት ልጅ

በካሴቱ መስኮት በኩል ክሩን እዪው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው፤ ቴፕ ውስጥ አታስገቢው፣ ለባለሙያ ስጪው። ንጹሕ ከሆነ ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሪያቸው፣ በስሕተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት። ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በኬብል አገናኝተሽ ቅጂው። የእናትሽን ካሴት ግን መጀመሪያ አትሞክሪበት፤ ቴፑ ክር ይበላ እንደሆነ በዘፈን ካሴት ፈትሺው።