ትራንስክሪፕቴ ሬጅስትራር ላይ ተይዟል፤ ለስኮላርሺፕ እንዴት ላመልክት?

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ በሂሳብ ተመርቄያለሁ። ማስተርስ ውጭ መማር እፈልጋለሁ፤ የቤተሰቤ አቅም ግን የአውሮፕላን ትኬት እንኳ አይችልም። ስለዚህ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑትን ብቻ ነው የማየው።

ዓይኔ ያረፈው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ኤይምስ የሚባለው የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋም ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ተጀምሮ ሩዋንዳና ጋናም ደርሷል። ሌላው ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒ (ዓለም አቀፉ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል) ነው፤ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 የመሠረተው። እዚያ ለታዳጊ አገር ተማሪዎች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለ። ማስተርስ ባይሆንም ለፒኤችዲ ጥሩ መንደርደሪያ ነው፤ እኔን እንዲያውም የበለጠ የሳበኝ እሱ ነው።

የተያዝኩት ወረቀቱ ላይ ነው። ሬጅስትራር ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚልክልኝ ኮስት ሼሪንግ (ከትምህርቴ ወጪ የሚደርሰኝን ድርሻ) ስከፍል ነው። ሥራ ሳልይዝ ከየት ላምጣ? እጄ ላይ ያለው ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ቅጂ) ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ስቱደንት ኮፒውን ስካን አድርጋችሁ አመልክታችሁ፣ ኦፊሻሉን ከተቀበሏችሁ በኋላ ማስላክ ችላችኋል? ወይስ እዚያው ውድቅ ያደርጉታል?

የድጋፍ ደብዳቤም አለ። የዲፓርትመንት ኃላፊው በስም እንኳ አያውቀኝም፤ ሪል አናሊሲስ ያስተማረኝ መምህር ግን ሥራዬን በደንብ ያውቃል። ገና ሌክቸረር ነው። ማዕረግ ይሻላል ወይስ የሚያውቅ ሰው? ደግሞ አይልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ለመፈተን ብር የለኝም፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ የተቀበላችሁ ተቋም ካለ ጠቁሙኝ። እባካችሁ፣ የምታውቁትን ጻፉልኝ።