ኪቦርዲስቱ ከሌለ የትኛው ዘፈን ይውጣ?

ስድስት ክር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሮክ ከቨር የሚጫወት ባንድ ቅዳሜ መድረክ አለው፤ ኪቦርዲስቱ ግን አይኖርም። የቀሩት አንድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና ድምፃዊ ናቸው። ነገሩ ከተነገረ ወዲህ አድናቂው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ያለ ኦርጋን ምን ዲፕ ፐርፕል አለ፣ ሰርዙት እንጂ» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ጊታር ካለ ሮክ አለ» እያለ ይመልስለታል። ሁለቱም ወገን የትኛው ዘፈን ላይ ምን እንደሚጎድል አይናገርም።

ዝርዝሩ ይኸው፦ ከዲፕ ፐርፕል ስሞክ ኦን ዘ ዋተርና ቻይልድ ኢን ታይም፣ ከዶርስ ላይት ማይ ፋየርና ራይደርስ ኦን ዘ ስቶርም፣ ከቫን ሄለን ጃምፕ፣ ከዩሮፕ ዘ ፋይናል ካውንትዳውን፣ ከፒንክ ፍሎይድ ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ።

የትኛው እንዳለ ይሄዳል? የትኛው ይስተካከል? የትኛውስ ጭራሽ ይቅር? ባኪንግ ትራክ (ቀድሞ የተቀዳ የኪቦርድ ድምፅ) ማስገባት ያዋጣል? የቀረው ልምምድ ሁለት ብቻ ነው። «አይዞህ፣ ይሳካል» አትበሉኝ፤ ኮርድና ኬብል ንገሩኝ።

ግራ እጅ፦

ከዶርስ ልጀምር። ዶርስ መድረክ ላይ ቤዝ ተጫዋች አልነበራቸውም። ኪቦርዲስታቸው ሬይ ማንዛሬክ በቀኝ እጁ ኦርጋኑን፣ በግራ እጁ ከኦርጋኑ ላይ የተቀመጠችውን ባለ 32 ቁልፍ ፌንደር ሮድስ ፒያኖ ቤዝ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1968 አምስተርዳም ላይ ድምፃዊው ጂም ሞሪሰን ሕመም ጥሎት መድረክ መውጣት ሲያቅተው ሦስቱ ያለ እሱ ተጫወቱ፤ ማንዛሬክ ራሱ ዘፈነ። ተገላቢጦሹን ግን አስበው፦ ማንዛሬክ ቢቀር ኦርጋኑም ቤዙም አንድ ላይ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሶሎው የማን ነበር» ሳይሆን «የታቹን ድምፅ ማን ይዞት ነበር» ነው። እናንተ ቤዝ ተጫዋች ስላላችሁ የዶርስ ዘፈን አያስፈራችሁም። እነሱም ቢሆኑ ስቱዲዮ ሲገቡ ቤዝ ጊታሪስት ያስገቡ ነበር፤ ራይደርስ ኦን ዘ ስቶርም ላይ የምትሰሙት ቤዝ የጄሪ ሼፍ ነው።

ላይት ማይ ፋየር፦ የአልበሙ ቅጂ ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው፤ በ1967 ለሬዲዮ የወጣው ሲንግል ግን ሶሎዎቹ ተቆርጠውለት ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። መፍትሔው በባንዱ ስም ታትሞ የወጣ ነውና ማንም «አሳጠራችሁት» ሊላችሁ አይችልም። ሶሎ ከፈለጋችሁ ኤ ሚነርና ቢ ሚነር ብቻ ናቸው የሚመላለሱት፤ ጊታሩ ይውሰደው፣ ግን ሁለት ደቂቃ አያስረዝመው። ከባዱ ኢንትሮው ነው። ኦርጋኑ ኮርዶቹን በታትኖ በፍጥነት ስለሚወርድባቸው ጊታሪስቱ ለብቻው ቁጭ ብሎ ኖታ በኖታ ማጥናት አለበት። እየመቱ ልፈልገው ካለ ከመጀመሪያው ሰከንድ ይታወቅበታል።

ራይደርስ፦ ኢ ሚነር ነው። የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን በንጹሕ ጊታር መተካት ይቻላል፤ የአንገቱ ፒክአፕ፣ ትሬሞሎ ቀስ ብሎ፣ ሬቨርብ በዛ አድርጎ። ድራይቭ (ድምፁን የሚያሻክረው) አይነካም።

ቻይልድ ኢን ታይም ይውጣ። ዘፈኑን ኦርጋን ይከፍተዋል፣ ኦርጋን ይሸከመዋል፤ ድምፃዊው ወደዚያ ጩኸት እየወጣ ሳለ ከሥሩ ተዘርግቶ የሚቆየው የኪቦርዲስቱ የጆን ሎርድ ሃሞንድ ኦርጋን ነው። በጊታር ከተሞከረ ድምፃዊውን አየር ላይ ትተዉታላችሁ። ሻይን ኦንም እንዲሁ፤ ጊታር ከመግባቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ያህል የኪቦርዲስቱ የሪቻርድ ራይት ጂ ሚነር ብቻ ነው የሚሰማው። ጊታሪስቱ ኮርድ ይዞ የሚያቆይ ፍሪዝ ፔዳል ካለው መጀመሪያውን ወደ ሠላሳ ሰከንድ አሳጥሮ መሞከር ይቻላል፤ ከሌለው አትድከሙ።

ቤዝ ብቻ፦

ግራ እጅ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ የረሳው ግን ዋናውን ቀዳዳ ነው። አንድ ጊታር ያለው ባንድ ባዶነቱ የሚጋለጠው የኪቦርድ ሶሎ ሲደርስ አይደለም፣ የጊታር ሶሎ ሲጀመር ነው። ጊታሩ ኮርዱን ትቶ ወደ ላይ ሲወጣ ኪቦርዱ ነበር መሃሉን የሚይዘው። አሁን የሚይዘው የለም። አድናቂው «የሆነ ነገር ጎደለ» የሚለው ያን ሰዓት ነው፤ ጥፋቱን ግን ቅድም ባልሰማው ኦርጋን ላይ ያላክካል።

ቤዙ ያን ጊዜ ሥራ ይጨምር። ሩት ኖታውን (የኮርዱን መነሻ) ከአምስተኛው ኖታ ጋር አብሮ ይምታ፣ ግን ከኤ ክር 7ኛ ፍሬት ወደ ላይ ብቻ፤ ታች ላይ ሁለት ኖታ ባንዴ ከተመታ ድምፁ ይጨፈለቃል። ትንሽ ኦቨርድራይቭ፣ ንጹሑ ድምፅ ግን አብሮ እንዲያልፍ ብሌንድ ያለው ፔዳል ይሁን፤ ያለዚያ ታቹ ይጠፋል። ድራመሩ ከሃይሃት ወደ ራይድ ይሂድ፤ የሲምባሉ ርዝመት ከላይ ያለውን ክፍተት ይሸፍናል።

ስሞክ ኦን ዘ ዋተር ለዚህ የታደለ ነው። አልበሙ ላይ ሪፉ (እየተደጋገመ የሚመታው አጭር ዜማ) በጊታር ብቻ ይጀምራል፣ ከዚያ ሃይሃቱና ኦርጋኑ፣ ከዚያ የቀሩት ድራሞች፣ ቤዙ መጨረሻ። የመጀመሪያው ዙር እንዳለ ይሄዳል። ሁለተኛው ላይ ኦርጋኑ በሚገባበት ቦታ ቤዙ በኦቨርድራይቭ አንድ ኦክታቭ ወጥቶ ሪፉን ከጊታሩ ጋር ይምታ፤ ቤዝ በእውነት መግባት ያለበት ቦታ ሲደርስ ወደ ታች ይውረድ። መደራረቡ አይጠፋም ማለት ነው። ጊታሪስቱ ሪፉን በፓወር ኮርድ እንዳይመታው ብቻ ተጠንቀቁ፤ ኖታዎቹ በአራተኛ ርቀት ነው ጥንድ የሚሆኑት፣ ኦርጋን ሳይኖር ያ ልዩነት ፍጥጥ ብሎ ይሰማል።

ጃምፕ ላይ ኮርዶቹ ጂ፣ ሲና ኤፍ ናቸው፤ ቤዙ ግን ሪፉ ላይ ሲ ኖታን ይዞ አይነቃነቅም። ኮርድ ተከትሎ ከተንቀሳቀሰ ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ይሆናል። ጊታሩ በዲ፣ ጂና ቢ ክሮች ብቻ ይምታቸው (ቁጥሮቹ በየክሩ የሚያዙት ፍሬቶች ናቸው)፦ ጂ ሜጀር 5-4-3፣ ሲ ሜጀር 5-5-5፣ ኤፍ ሜጀር 7-5-6። እጅ ከቦታው ሳይለቅ ሦስቱም ይገኛሉ። የሲንተሳይዘሩን ሶሎ ቁረጡት፤ ከጊታር ሶሎ በኋላ ሪፉን አራት ባር ደግሞ ወደ መጨረሻው ኮረስ መግባት ነው።

ፋይናል ካውንትዳውን፦ ኤፍ ሻርፕ ሚነር። ሪፉ ከሲ ሻርፕ ይጀምራል፤ ቢ ክር 14ኛ ፍሬት ላይ፣ አራተኛዋ ኖታ ኤፍ ሻርፕ ጂ ክር 11ኛ ፍሬት ላይ። ኦክታቭ ፔዳል ካለ አንድ ኦክታቭ ታች ይጨመርበት። ይህን ሪፍ ሕዝቡ ራሱ በአፉ ይዘምረዋል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ድምፃዊው ማይኩን ወደ ሰዉ ቢያዞር አያሳፍርም።

ሚክሰሩ ጋ፦

ስለ ባኪንግ ትራክ የጠየቅከው፦ ድራመሩ በክሊክ (በጆሮው በሚሰማ የምት ቆጠራ) መጫወት ከለመደ ያዋጣል። ካልለመደ በሁለት ልምምድ አይማረውም፤ እርሱት።

ከለመደ፦ ፋይሉ ስቴሪዮ ይሁን፣ ግራው ላይ የኪቦርዱ ድምፅ ብቻ፣ ቀኙ ላይ ክሊክ። ከላፕቶፑ በስቴሪዮ-ወደ-ሁለት-ሞኖ ኬብል ሁለት ዲአይ ቦክስ (ድምፁን ለሚክሰሩ የሚያመቻች ሳጥን) ውስጥ ይገባል። ግራው ወደ ዋናው ስፒከርና ወደ ሞኒተር፣ ቀኙ ወደ ድራመሩ ጆሮ ብቻ። ሚክሰሩ ላይ የክሊኩን ቻናል ከዋናው መውጫ ነቅላችሁ በኦግዚለሪ (ለብቻው በሚወጣ መስመር) ብቻ ላኩት፤ ፌደሩን (የድምፅ መጠን ተንሸራታቹን) ዝቅ ማድረግ አይበቃም፣ አንድ ሰው ሳያስብ ከፍ ያደርገዋል። ከዘፈኑ በፊት ሁለት ባር ቆጠራ ይኑር። ብሉቱዝ በፍጹም፤ ይዘገያል። በስልክ የምታጫውቱ ከሆነ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን።

ከሁሉ የከፋው ችግር ግን ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ነው። በ44.1 ኪሎኸርትዝ የተቀዳ ፋይል በ48 ከተጫወተ ወደ 9 በመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም ወደ አንድ ተኩል ሰሚቶን ያህል ይወጣል። አንድ ተኩል ማለት በሁለት ፍሬት መሃል ማለት ነው፤ ጊታሪስቱ የትም ፍሬት ላይ ቢሄድ አይገጥምለትም። ቫን ሄለን እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ፣ ግሪንስቦሮ ላይ ጃምፕን ሲጫወቱ የገጠማቸው ይህ ነው እየተባለ ነው የሚነገረው፤ ኪቦርዱ ከትራክ ነበር፣ ጊታሪስቱ ኤዲ ደግሞ የሚገጥም ቦታ ሲፈልግ ዘፈኑ አለቀ። ቪዲዮውን ያየ አድናቂ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። ስለዚህ ላፕቶፑና የድምፅ ኢንተርፌሱ (ድምፁን ከላፕቶፑ የሚያወጣው መሣሪያ) አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ መሆናቸውን አዳራሹ ውስጥ፣ ሳውንድ ቼክ ላይ፣ ቤዙ አንድ ኖታ ይዞ አረጋግጡ።

ትራክ ባይኖርም ሳውንድ ማኑ የሚያግዝበት መንገድ አለ። ኪቦርድ በነበረበት ጊዜ ጊታሩ ቦታ እንዲለቅ ከ120 ኸርትዝ በታች ተቆርጦ ነበር እንበል፤ አሁን ወደ 80 አውርዱት፣ 250 አካባቢ ሁለት ዲሲቤል ጨምሩለት። ብዙዎች ጊታሩን 20 ሚሊሰከንድ አዘግይተው በሌላው ስፒከር ይደግሙታል፤ ስቴሪዮ ከሆነ ያሰፋዋል። የብዙ አዳራሾች ስፒከር ግን ሞኖ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ድምፆች እየተጣፉ ጊታሩን ቱቦ ውስጥ እንዳለ ያስመስሉታል። ሞኖ ከሆነ አትሞክሩት።

እንግዳ 77፦

ትራክ ምናምን ከማለት ተተኪ ኪቦርዲስት መቅጠር አይሻልም? ዲፕ ፐርፕል ራሳቸው ጆን ሎርድ እ.ኤ.አ. በ2001 ጉልበቱን ሲታመም ኪቦርዲስቱን ዶን ኤሪን አስገብተው ቀጠሉ፤ በ2002 ሎርድ ሲለቅም ቦታውን ለእሱ ነው የተወለት። አድናቂው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ለመደ።

ግራ እጅ፦

እንግዳ 77፣ ኤሪ እኮ ወደ ፐርፕል ሲመጣ ከሬይንቦ ባንድ ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ያለ ሰው ነበር። እኛ ዘንድ ጎበዝ ኪቦርዲስት ሞልቷል፤ ብራሱንም፣ ስትሪንጉንም፣ አንዳንዴ ቤዙንም በአንድ ኪቦርድ ይዞ ሌሊቱን የሚያነጋ። ግን ትዝታና ባቲ ላይ ያለው እጅ ሃሞንድ ላይ በሁለት ቀን አይዞርም። ሃሞንድ የቁልፍ ምት ጉልበት አይሰማም፤ ድምፁ የሚያድገውና የሚቀንሰው በእግር ፔዳል ነው። ሊዝሊውም (የኦርጋኑ ተሽከርካሪ ስፒከር) ከዝግታ ወደ ፍጥነት የሚቀየርበትን ቦታ ማወቅ አለበት።

ተተኪ ከተገኘ ግን የዘፈን ዝርዝር ብቻ አትላኩለት። ለእያንዳንዱ ዘፈን ኬዩ፣ የሚከፍተው ማን እንደሆነ፣ የድምፁ ዓይነትና ሶሎው ስንት ባር እንደሆነ ይጻፍለት። ባንዱ ለድምፃዊው ብሎ ጊታሮቹን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ የሚቃኝ ከሆነ ይህ በትልቁ ይጻፍ፤ የኪቦርዱ ትራንስፖዝ (ቅኝት መቀየሪያው) አንድ ዝቅ ይላል፣ ከዘፈን ወደ ዘፈንም አይነካም። ትራንስፖዝ ከፊተኛው ዘፈን ተረስቶ የተበላሸ ኢንትሮ ስንቱ መድረክ ላይ እንደተሰማ ኪቦርዲስት ሁሉ ያውቃል።

ስድስት ክር፦

አመሰግናለሁ፣ ይኼ ነው የሚፈለገው። ድራመሩ ክሊክ አልለመደም፤ ስለዚህ ትራክ የለም። ቻይልድ ኢን ታይምና ሻይን ኦን ይወጣሉ። አንድ የቀረኝ፦ ጊታሪስቱ ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ ቢ9 የሚባለውን የኦርጋን ፔዳል ሊዋስ ይችላል። እውነት ኦርጋን ይሆናል ወይስ መጫወቻ ነው?

ሚክሰሩ ጋ፦

መጫወቻ አይደለም፤ አቀማመጡን ካወቃችሁበት ለላይት ማይ ፋየርና ለስሞክ ይበቃል። ከጊታሩ ቀጥሎ መጀመሪያ ላይ ይሁን፣ ከኦቨርድራይቩ በፊት፤ በድራይቭ የሻከረ ድምፅ ከገባለት ኖታውን ለይቶ አይከተልም። መውጫው ሁለት ነው፦ ድራዩን (ያልተለወጠውን የጊታር ድምፅ) ወደ ጊታር አምፑ፣ የኦርጋኑን መውጫ በዲአይ ወደ ሚክሰሩ። ሁለቱም አንድ አምፕ ውስጥ ከገቡ ኦርጋኑ በጊታሩ ድራይቭ ይጨፈለቃል፣ ያኔ ነው መጫወቻ የሚመስለው። ጊታሪስቱ ኮርዱን እየገረፈ ሳይሆን በጣቶቹ አንድ ላይ ቆንጥጦ ይያዘው፤ ሦስት ኖታ ይበቃል፣ ክር አይጎትት። ጊታር ሶሎ ላይ ያጥፋው።

ፔዳሉ በባትሪ አይሠራም። ሲያውሳችሁ አዳፕተሩን አብሮ መስጠቱን እዩ።