ለደም ግፊት መለኪያ ካሊብሬሽን ትክክለኛ የአየር ግፊት ከየት ላምጣ?

ጥያቄ፦ የጥገና ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። እጄ ላይ ብዙ የደም ግፊት መለኪያ አለ፤ አኔሮይዱም (ባለ መርፌው) ዲጂታሉም። ሁሉንም ካሊብሬት ለማድረግ፣ ማለትም ንባባቸው ልክ መሆኑን ለማየት፣ ከ0 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መፈተሽ አለብኝ። አሁን የምጠቀመው ከካፉ (ክንድ ላይ ከሚታሰረው ከረጢት) ጋር የሚመጣውን የእጅ ፓምፕ ነው። 200 ላይ ላቁመው ስል 207 ይገባል። ትንሽ ስለቀው 196 ይወርዳል። እሱንም ጽፌ ሳልጨርስ ቁጥሩ ይሸሻል። 200 ብዬ ሳዘው ልክ 200 የሚሰጥ አውቶማቲክ መሣሪያ እንዳለ አውቃለሁ፤ በጀታችን ግን አይችለውም። ኮምፕረሰር አለን። በሱ ይሠራል? ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሰማያዊ ቱቦ

ይሠራል፣ ግን ተጠንቀቅ። ኮምፕረሰር ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 8 ባር ይዞ ነው የሚቀመጠው። አንተ የምትፈልገው 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ደግሞ 0.4 ባር ብቻ ነው። ተራ ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) እዚያ ታች አይታዘዝልህም። ሁለት በተከታታይ አስገባ። የመጀመሪያው ወደ 1.5 ባር ያውርደው፣ ሁለተኛው ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ፕሪሲዥን ሬጉሌተር ይሁን። ከፊታቸው የውሃና የዘይት ማጣሪያ፣ ከኋላቸው 0.5 ባር አካባቢ የሚከፈት ሴፍቲ ቫልቭ። ቫልቩን እንዳትተወው! ማዞሪያው አንዴ ካመለጠህ ሴንሰሩን ቻው ነው።

መልስ፦ አሮጌ ማኖሜትር

ኮምፕረሰሩ ይቅርብህ ባይ ነኝ። ለ300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የእጅ ፓምፕ ይበቃል።

ትክክለኛ መሆን ያለበት የአየር ምንጩ ሳይሆን ሪፈረንስ ጌጁ፣ ማለትም የምታመሳክርበት ትክክለኛ መለኪያ ነው። ምንጩ 200 ሰጠህ 198.6 ሰጠህ፣ ለውጥ የለውም። ጸጥ ብሎ ይቁም ብቻ። ምንጩን፣ ሪፈረንሱንና የሚፈተሸውን በቲ ማገናኛ ታገናኛለህ። ሪፈረንሱ 198.6 ሲል የሚፈተሸው 201 ካለ ስህተቱ 2.4 ነው፤ አለቀ። ስለዚህ ያለችህን ገንዘብ ሪፈረንሱ ላይ አውጣት። የእነዚህ መለኪያዎች የተለመደ የስህተት ገደብ ፕላስ ማይነስ 3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሪፈረንሱ ከዚያ ቢያንስ አራት እጥፍ የተሻለ ይሁን፤ 0.75 ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። የካሊብሬሽን ሰርተፊኬቱ ጊዜ እንዳላለፈም እይ።

ወደ ሚሸሸው ቁጥር ስንመጣ፣ መጀመሪያ ካፉን አውጣው። ጨርቅና ላስቲክ ነው፣ ይለጠጣል። በምትኩ ግማሽ ሊትር የሚይዝ፣ የማይለጠጥ የብረት ዕቃ አስገባ። በፓምፑ 200 አካባቢ አድርሰውና ቫልቩን ዝጋ። የቀረውን በትንሽ ሲሪንጅ ታስተካክላለህ። በግማሽ ሊትር ላይ ሲሪንጁን 1 ሚሊ ሊትር ስትገፋው ግፊቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው የሚጨምረው። ከዚያ በላይ ስስ ማስተካከያ ምን ያደርግልሃል?

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር። ቁጥሩ የወረደው ሁልጊዜ አየር ስላፈሰሰ አይደለም። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። 200 ላይ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ 3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ያመጣል። አንዱን አንብበህ ወደ ሌላው እስክትዞር የተፈቀደልህን ስህተት በሙሉ ሊበላው ይችላል ማለት ነው! ስለዚህ ዕቃውን በእጅህ አቅፈህ አትያዘው፣ ፀሐይና ማራገቢያም አይንካው። ከነፋህ በኋላ ታገስና አወራረዱን ተመልከት። ፍጥነቱ እየቀነሰ መጥቶ ከቆመ ሙቀት ነበር። በእኩል ፍጥነት መውረዱን ከቀጠለ ያፈሳል፤ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀባቸው።

ጠያቂው፦ የጥገና ክፍል

ተባረክ ወንድሜ። የኔ በእኩል ፍጥነት ነው የሚወርደው፤ የፓምፑን ቫልቭ ጠርጥሬያለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ዲጂታሎቹ ከውጭ አየር ስሰጣቸው ምንም አያሳዩም፤ ምን ላድርግ? ደግሞ ይህ አሠራር ለቬንቲሌተርም (ለመተንፈሻ መርጃ መሣሪያ) ይሆናል?

መልስ፦ አሮጌ ማኖሜትር

ዲጂታሉን ወደ ሰርቪስ ሞድ አስገባው። አንዳንዱ ማኖሜትር ሞድ ይለዋል። አገባቡ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የሰርቪስ ማንዋሉን እይ። እዚያ ስትገባ የሚያገኘውን ግፊት ዝም ብሎ ያሳይሃል። ግን ይህ የሚነግርህ ስለ ሴንሰሩ ብቻ ነው። መሣሪያው ከልብ ምቱ ተነስቶ ሲስቶሊክና ዲያስቶሊክን (የላይኛውንና የታችኛውን የደም ግፊት) የሚያሰላበትን መንገድ አይፈትሽም፤ ለዚያ ሲሙሌተር የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ።

መልስ፦ ሰማያዊ ቱቦ

ቬንቲሌተሩን ለኔ ተውልኝ። እዚያ የምትሠራው በሳንቲ ሜትር ውሃ፣ በሌላ የግፊት መለኪያ አሃድ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ 22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ለደም ግፊት የገዛኸው ጌጅ የ0.5 ስህተት ካለው፣ እዚህ ወደ 0.7 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሆንብሃል። እኔ ለማመሳከሪያ ዩ ቅርጽ ያለው ግልጽ ቱቦ፣ ውሃና ማስመሪያ እጠቀማለሁ። ርካሽ ነው ብለህ አትናቀው፤ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ የምታህል ትንሽ ግፊት (9.8 ፓስካል) እንኳ በዓይን ታየዋለህ። ንባቡ የሁለቱ ክንዶች ልዩነት ነው እንጂ የአንዱ ከፍታ ብቻ አይደለም። በውስጡም የአየር አረፋ አይኑር። ለደም ግፊት ግን አትሞክረው፤ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከ4 ሜትር በላይ የውሃ ዓምድ ይፈልጋል።

መልስ፦ አሮጌ ማኖሜትር

አንድ የቀረኝ ስለ አኔሮይዶቹ ነው። ሲወጣም ሲወርድም አንብባቸው፤ በየ50ው ይበቃል። ወደ ላይ ስትሄድ 150ን አልፈህ 154 ከደረስክ ወደ 150 እንዳትመልሰው፤ 154ቱን ራሱን መዝግበው። በአንድ ዓይነት ግፊት ላይ መርፌው ሲወጣና ሲወርድ በጣም የተለያየ ቁጥር ካሳየ ውስጡ ችግር አለ፤ ዜሮውን ማስተካከል አያድነውም።