ያገለገለች ቪትዝ ልገዛ ነው፤ ጋራዥ የሚያመላልሰው ምኗ ነው?

አዲስ ሾፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለች ትንሽ የጃፓን መኪና እየፈለግኩ ነው። ዓይኔ ያረፈው ቶዮታ ቪትዝ ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣችው ሁለተኛዋ ሞዴል። ሁለት አግኝቻለሁ። አንዷ ሞተሯ 1.0 ሊትር፣ ማንዋል ናት፣ ሌላዋ 1.3 ሆና ካምቢዮዋ ሲቪቲ (ማርሽ በእጅ የማይቀየርለት አውቶማቲክ) ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ቪትዝ እኮ አትበላሽም፣ ነዳጅም አትጠጣም» ብሎ ይሸኘኛል። የማትበላሽ መኪና መቼም የለችም። ነዳጁን አስልቼዋለሁ፣ የሚያሳስበኝ ጥገናው ነው። ደግሞ 1.0ዋ ቆማ ሞተሯ ሲሠራ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሻጩ «ተፈጥሮዋ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው ወይስ እየሸወደኝ ነው?

የቤት መካኒክ፦
ግማሹን እውነት ነግሮሃል። ሞተሯ 1ኬአር ነው፣ 996 ሲሲ፣ ባለ 3 ሲሊንደር። 3 ሲሊንደር ከ4ቱ ይልቅ መንቀጥቀጡ ያለ ነው። ግን ልክ አለው። መሪው እጅህን እስኪያደነዝዝ ከሆነ ወይ ሞተሩ የተቀመጠበት ላስቲክ አልቋል፣ ወይ አንዱ ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም። የመጀመሪያው ርካሽ ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ስለሆነ እሱም አያስደነግጥም፣ ችላ ካላልከው። የቼክ ኢንጅን መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ዝም ብለህ ከነዳህ ግን ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄድና ካታሊቲኩን (የጭሱን ማጣሪያ) ያቃጥልብሃል። በካንዴላ የሚያልቀው ነገር ያኔ ሌላ ሒሳብ ይሆናል።

የዚህች ሞተር የታወቀ ድክመት የውሃ ፓምፑ ነው። ቦኔቱን ክፈትና በባትሪ መብራት ከቺንጊያው በኩል ፓምፑን እየው። ሮዝ ወይም ነጣ ያለ የደረቀ ዱቄት የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ያፈሳል ማለት ነው። ጠብታ መሬት ላይ ስላላየህ አትመን፣ የሚያፈሰው ሞተሩ ሲሞቅ ነውና እዚያው ይደርቃል። ውሃ እየቀነሰ ሙቀት ከበዛ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑም ይሄዳል። የትንሽ መኪና ትልቅ ወጪ የሚባለው ይሄ ነው።

ማርሽ አምስት፦
እኔ ብሆን ማንዋሏን። ፍሪሲዮን (ክላቹ) ያልቃል፣ ትቀይራለህ፣ አለቀ። ሲቪቲ እንደዚያ አይደለም። ውስጡ በሁለት ፑሊ መሃል ተጨምቆ የሚሽከረከር የብረት ቀበቶ ነው፣ የሚያኖረውም ዘይቱ ነው። ዘይቱ ሲያረጅ ቀበቶው መንሸራተት ይጀምራል፣ ከተንሸራተተ ደግሞ ፑሊውን ይፍቀዋል፣ የተፋቀውም ብናኝ ዘይቱ ውስጥ እየዞረ የቀረውን ይበላዋል። ደፍሮ የሚፈታው መካኒክም ጥቂት ነው፣ አብዛኛው «ካምቢዮውን ቀይረው» ነው የሚልህ።

ካንዴላ፦
@ማርሽ አምስት ሲቪቲን እንዲህ ማስፈራሪያ አታድርገው እንጂ። የሚገድለው ሰው ነው። ካምቢዮው ዕድሜ ልክ ዘይት አይቀየርለትም ብሎ የሚነዳ አለ፣ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የሚሞላ። የሲቪቲ ዘይት ለብቻው ነው፣ ፋብሪካው የጻፈውን ዓይነት ብቻ። ከ40 እስከ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እየቀየርክ ከሄድክ በሰላም ያኖርሃል።

ስትፈትሻት እንዲህ አድርግ። ፍሬን ይዘህ ከፒ (ማቆሚያ) ወደ ዲ (ወደፊት)፣ ከዚያ ወደ አር (ወደኋላ) ቀይር። ድም ብሎ የሚመታ ከሆነ ተጠንቀቅ። ከዚያ ቀስ ብለህ ተነሳ። ስትነሳ ከተንቀጠቀጠች፣ ወይም ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ተዋት። በዋጋ ቅናሽ አትታለል።

ሒሳቤ፦
ጥያቄው ስለ ወጪ ነበር አይደል? ነዳጅ እንደ አነዳድህ በ100 ኪሎ ሜትር ከ5 እስከ 7 ሊትር ያዝ። 1.0ዋ ትቆጥባለች የሚባለው ሜዳ ላይ ነው። አራት ሰው ጭነህ ኤሲ ከፍተህ ዳገት ከወጣህ መርገጥ ስለሚበዛ ከ1.3ዋ ጋር ያለው ልዩነት ይጠፋል።

ሞተሩ ባለ ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ስለሆነ በየጊዜው የሚቀየር የታይሚንግ ቀበቶ የለም። ይሄ ቁጠባ ነው፣ ግን ካቴናው የሚኖረው በዘይት ነው። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 4 ሊትር አይሞላም። ስለዚህ አንድ ሊትር በልታ ካላየህላት ከሩብ በላይ ባዶ ነህ። ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) በየሳምንቱ እይ፣ ዘይት በየ5 ሺህ ቀይር። ሌላው ትንንሽ ነው። የፍሬን ሸራ፣ ጉድጓድ ላይ ኳ ኳ የሚለው የስታቢላይዘር ሊንክ፣ የፊት ኩሽኔታ፣ ጎማ። ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ትሮትል ቦዲ ሲቆሽሽ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ይጸዳል፣ ያልፋል። እነዚህ ሲደማመሩ እንጂ አንድ በአንድ አያሳምሙም፣ መለዋወጫውም እንደ ልብ ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ የመጀመሪያዋ ሆንዳ ፊት ባለ 1.3ዋ በአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ነው ያላት፣ በጠቅላላው 8። ኬ12 የምትባለዋ ኒሳን ማርች ደግሞ ካቴናዋ ይለጠጣል፣ ጠዋት ስትነሳ ኮሽኮሽ ትላለች። ትንሽ ሁሉ ርካሽ አይደለም።

የቤት መካኒክ፦
አንድ የረሳነው ነገር፣ ኤርባግ። በታካታ ኤርባግ ምክንያት ቪትዝንም ፊትንም ጨምሮ ብዙ የጃፓን መኪና ለጥገና ተጠርቷል። ሙቀትና እርጥበት ያስረጀው ኤርባግ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ይረጫል። የሻንሲ ቁጥሯን ይዘህ ተሠርቶላት እንደሆነ አጣራ። የቆጣሪውን ኪሎ ሜትርም አትመን። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ካለቀና መሪው ከላገ ቆጣሪው 60 ሺህ ቢል ምን ዋጋ አለው።

አዲስ ሾፌር፦
ኧረ አመሰግናለሁ። ዛሬ ሄጄ ነበር፣ 1.3ዋን ለማየት። ካምቢዮው ዲ ላይም አር ላይም ለስላሳ ነው፣ ስትነሳም አልተንቀጠቀጠችም። ግን ስደርስ ሞተሯ ሞቆ ነበር። ሰውየው «አሁን ከመንገድ ገባሁ» አለኝ።

ካንዴላ፦
ሊሆን ይችላል፣ ግን በሞቀ ሞተር አትግዛ። የካቴና ድምፅም፣ ዘይት የምትበላ ሞተር ሰማያዊ ጭስም ጎልቶ የሚታየው ሌሊቱን ካደረች በኋላ ስትነሳ ነው። ነገ ጠዋት ሳትነሳ ድረስባት። ቦኔቱን በእጅህ ንካ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ አንተው አስነሳና ሌላ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይልህ። የዘይት ክዳኑንም ከፍተህ እይ፣ ከሥሩ ቡናማ ክሬም የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱን ሳታጣራ ቀብድ አትስጥ። ሰውየው ጠዋት አይመቸኝም ካለ ከሰዓት አትሂድለት፣ ሌላ ጠዋት ይቅጠርህ።